ቅሉና ፋብሪካው፦ የቆቦና የራያ ቆላ በኢትዮጵያ የወተት ኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ

መግቢያ

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች መካከል በግንባር ቀደምነት የምትጠቀስ መሆኗ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሲነገረን የኖረ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ሀብት ጥናት ቁጥሩ 70 ሚሊዮን ገደማ ደርሶአል። ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት መሠረት አንዲት ላም በምትታለብበት ወቅት በቀን የምትሰጠው ወተት በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከ100 ከብቶችም 97ቱ ያህል የአገር ዝርያዎች ናቸው። በገጠር ከሚታለበው ወተት ውስጥ በወተትነቱ ለገበያ የሚቀርበው ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የተረፈው ወይ በቤት ውስጥ ይጠጣል፣ ወይም ተንጦ ቅቤና አይብ ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት በወቀሳ መልክ ነው። ላሚቱ ወተት አነሳት ተብላ ትወቀሳለች፤ ገበሬው ኋላ ቀር ነው ይባላል፤ ቅሉም የድንቁርና ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ለችግሩ መፍትሔ የሚሰጠውም እንደዚያው ነው፤ የተሻለች ላም ከውጭ ማምጣት፣ ፋብሪካ ማቆም። ይህ ሐሳብ ከሰባ ዓመታት በላይ ተሞክሮአል። በዋና ከተማው ዙሪያ ፍሬ ያፈራ መሆኑን ማንም አይክድም። ከዋና ከተማው ርቆ በሚገኘው ቆላማ አገር ግን ለምን እንዳልደረሰ በቅጡ ተጠይቆ አያውቅም ለማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጥያቄ ከአንድ ቦታ ማለትም ከቆቦና ከራያ ቆላ አንጻር መመርመር ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ እንጂ የእንስሳት ሐኪም ባለመሆኑ ነገሩን የሚመለከተው በሙያው መነጽር ነው። በዚህ መነጽር ሲታይ የወተት ኢንዱስትሪ ዋና ጥያቄ ሆኖ የሚገኘው ጊዜ ነው። ይኸውም ወተቱ ከላሚቱ ጡት ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ እስኪቀዘቅዝ ወይም እስኪናጥ ድረስ ስንት ሰዓት ያልፋል? በዚያ ሰዓት ውስጥስ ምን ያህል መንገድ ይጓዛል? የሚለው ነው።

አገሩና ከብቱ

የራያ ቆላ የሚባለው አገር በምዕራብ በኩል ከላስታና ከግዳን ደጋ በሚወርደው ገደል፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በዞብል ተራራዎች ታጥሮ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ዝናሙ ጥቂትና የማይታመን ነው። በሞቃቶቹ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱት ሆርማት፣ ጎሊናና እነርሱን የመሳሰሉት ወንዞች በክረምት ደለል ተሸክመው ሜዳውን ያለብሱታል። ገበሬውም ከጥንት ጀምሮ ጎርፉን እየጠለፈ ወደ ማሳው በመመለስ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል።

የዚህ አገር ከብት በሳይንስ ሠንጋ ከሚባለው ወገን የሚመደብ ሲሆን፣ በትልቅ ቀንዱና በጠንካራ ሰውነቱ ይታወቃል። የራያ ገበሬ ከብቱን ሲመርጥ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ በሬ ነው። ጥቁሩን የሜዳ አፈር የሚያርሰው፣ ጎርፍ የሚጠለፍበትን ካብ የሚያስተካክለው፣ በክፉ ቀንም ተሸጦ እህል የሚገዛው በሬው ነውና። ስለዚህ ላሚቱ በቤቱ ውስጥ የምትያዘው በመጀመሪያ ደረጃ የበሬ እናት ሆና ነው። ጥጃዋ ካልጠባላት ወተቷን አትለቅም፤ ገበሬውም ለጥጃው የሚበቃውን ሳይተው አያልብም። አንድ ሊትር ተኩል የሚለውን ቁጥር የሚያነብ ሁሉ፣ ከዚህ ቁጥር ውጭ ጥጃው የጠባው ወተት ነገ ሞፈር የሚጎትት ጉልበት ሆኖ እንደሚመለስ መዘንጋት የለበትም።

ከዞብል ባሻገር ያለው የአፋር ሕዝብ ደግሞ ኑሮው በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ወተት ዕለታዊ ምግቡ ነው። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የነበረው ግንኙነት ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል ጋዝ በሚባለው ዘመቻ አንዱ የሌላውን ከብት ሲነዳ ኖሮአል። በሌላ በኩል አፋሩ ከብቱንና ቅቤውን ይዞ ወደ ቆላው ገበያዎች ይወጣል፣ እህል ሸምቶ ይመለሳል፤ በድርቅ ጊዜም መንጋው የማሽላ አገዳ ፍለጋ ወደ ሜዳው ይሻገራል። ከዚህ የምንረዳው በራያ ቆላ የወተት ውጤት ንግድ የቆየ መሆኑን ነው። የተነገደው ግን ወተት አልነበረም፤ ቅቤ ነበር።

ቅሉ እንደ መሣሪያ

ቅቤ የተመረጠበትን ምክንያት ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። ወተት በ30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ በውስጡ ያሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በእጥፍ ይራባሉ። ጠዋት የታለበ ወተት በቆላው ሙቀት ከቀትር በኋላ መኮምጠጥ ይጀምራል። ፋብሪካ የሚፈልገው ደግሞ ከታለበ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ወተት ነው። በእግር በሚኬድበት አገር ሁለት ሰዓት ማለት ከዐሥር ኪሎ ሜትር ያልበለጠ መንገድ ነው።

አሁን አንድ ቤተሰብ ለራሱና ለጥጃው ካስቀረ በኋላ በቀን አንድ ሊትር ወተት ይተርፈዋል እንበል። ይህን አንድ ሊትር በየቀኑ ተሸክሞ ሁለት ሰዓት መሄድና ሁለት ሰዓት መመለስ ትርፉ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ነገር ግን የሳምንቱ ወተት እየተጠራቀመ ረግቶ ቢናጥ ሰባቱ ሊትር ከአንድ ሦስተኛ ኪሎ ግራም ያላነሰ ቅቤ ይወጣዋል። ይህ ቅቤ ለሳምንቱ ገበያ ይደርሳል፤ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በገበያ ቀን ሌላ ጉዳይ ለመፈጸም ከሚኬደው መንገድ ውጭ ሌላ ድካም አይጠይቅም። ቅቤው ተነጥሮ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ስለሚወጣ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ከቅቤው የተረፈው አሬራ ይጠጣል ወይም ተሞቆ አይብና አጓት ይሆናል። ከወተቱ የሚጣል ነገር የለም።

የዕቃው አያያዝም የራሱ ጥበብ አለው። ቅሉ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ለወተቱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ የተሕዋስያኑን መራባት እንደሚያዘገይ በምርምር ታውቆአል። መናጡ የሚከናወነው ብዙውን ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው። ይህ የልማድ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የቅቤ ሥራ ትምህርት ያረጋግጣል። የወተቱ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙ ከበለጠ ቅባቱ ለስልሶ ከአሬራው ጋር ይቀራል፤ ከመጠን በታች ከቀዘቀዘ ደግሞ ናጩ እስኪደክም ድረስ ቅቤው አይወጣም። በቆላው ውስጥ ተስማሚው ሙቀት በተፈጥሮ የሚገኝበት ሰዓት የንጋቱ ሰዓት ነው። እናቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ትክክለኛውን የሥራ ሙቀት ያውቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቅሉ ጉድለት የሚገኘው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው የሚወስደው ጊዜና ጉልበት ነው፤ አንድ ሴት ከሁለት ሰዓት በላይ ስትንጥ ታረፍዳለች። ሁለተኛው ከወተቱ ቅባት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከአሬራው ጋር መቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል በ1980ዎቹ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ላይ ምርምር አካሂዶ፣ በተለመደው የሸክላ መናጫ ውስጥ የሚገባ በእጅ የሚሽከረከር የእንጨት መቅዘፊያ ሠራ። በዚህ መቅዘፊያ የመናጫው ጊዜ ከግማሽ በታች ሆነ፤ የሚወጣውም ቅቤ ጨመረ። መሣሪያው ማንኛውም የመንደር አናጢ ሊሠራው የሚችል ነበር። ከአርባ ዓመታት ገደማ በኋላ በስንት የገጠር ቤት እንደሚገኝ ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ የሚያኮራ አይሆንም።

ሾላ፦ የዋና ከተማው ወተት

አሁን ወደ ዘመናዊው ኢንዱስትሪ እንለፍ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ የወተት ሥራ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት በስጦታ የላካቸው ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የተባሉ 300 የወተት ከብቶች ወደ አገራችን መግባታቸው ነው። በዚሁ መሠረት በአዲስ አበባና በአሥመራ አካባቢ ትላልቅ የወተት እርሻዎች ተስፋፉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዩኒሴፍ ዕርዳታ በአዲስ አበባ ዳርቻ በሾላ የወተት ማዘጋጃ ፋብሪካ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወተት ልማት ድርጅት በመንግሥት ተቋቋመ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ በቀን 21,000 ሊትር ያህል ወተት ይቀበል የነበረ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው የመጣው ከ65 ትላልቅ እርሻዎች ብቻ ነበር።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ትላልቆቹ እርሻዎች ተወረሱ። እ.ኤ.አ. በ1979 እነዚህ እርሻዎች፣ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎቹና የሾላ ፋብሪካ ተጠቃልለው በቀን 60,000 ሊትር የማዘጋጀት ዐቅም ያለው የወተት ልማት ድርጅት ሆኑ። ይህ ድርጅት በኋላ ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ። በሰላሌ በፊንላንድ መንግሥት ዕርዳታ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ሥራ ደግሞ ትናንሽ ገበሬዎችም ድቅል ላም ይዘው፣ በማኅበር ተደራጅተው ወተት ለገበያ ማቅረብ እንደሚችሉ አሳየ። ከ1990ዎቹ ወዲህም በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በሌሎች ከተሞች የግል ፋብሪካዎች ተከፈቱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ያልተለወጠ ነገር አለ። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ባለቤትነቱ ከግል ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ግል ተመለሰ፤ የወተቱ መሰብሰቢያ ክልል ግን ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር ገደማ አልዘለለም። ይህም የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ደጋ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ ወተቱን በነፃ ያቀዘቅዘዋል። መንገዶቹ ከዋና ከተማው እንደ መንኮራኩር ዘንግ ይዘረጋሉ። ገዢውም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ሾላ የተሠራው በዚህ የመሬት አቀማመጥ ላይ ነው፤ በ570ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ላለችው ቆቦ ግን ከነዚህ ሦስት ነገሮች መካከል በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከተሠራው አውራ ጎዳና በቀር አንዱም አልነበራትም።

ሁለት አገሮች፣ ሁለት አጀማመር

ከዚህ ላይ የአንድ ሌላ አገር ታሪክ ለማነጻጸሪያ ማንሣት ይጠቅማል። 300ዎቹ ላሞች ወደ ኢትዮጵያ ከመግባታቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 1946፣ በሕንድ በጉጃራት ክፍለ ሀገር በካይራ አውራጃ ገበሬዎች የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። በኋላ አሙል በሚባለው ስም በዓለም የታወቀው ይኸው ማኅበር ነው። ለረጅም ዘመን የመራው ቨርጌዝ ኩሪየን በሙያው መሐንዲስ ነበር።

ማኅበሩ ሥራውን የጀመረው ከውጭ ላም በማስመጣት አይደለም። ገበሬው የነበረው የአገሩ ጎሽ ነበር። የወተቱ ቅባት ብዙ በመሆኑ የአውሮፓ ባለሙያዎች ከጎሽ ወተት ዱቄት ሊሠራ አይችልም ይሉ ነበር። የማኅበሩ መሐንዲስ ኤች. ኤም. ዳላያ ግን እ.ኤ.አ. በ1955 በአናንድ ይህንኑ ሠርቶ አሳየ። ከፋብሪካው በፊት የተደራጀው የመንደሩ መሰብሰቢያ ነበር። በየመንደሩ ወተት በቀን ሁለት ጊዜ ይረከባሉ፤ ቅባቱ እዚያው ይለካል፤ ገበሬው የሚከፈለውም በቅባቱ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በተጀመረው ታላቅ የወተት ዘመቻ ሕንድ ከአውሮፓ በዕርዳታ የተገኘውን ዱቄት ወተትና የቅቤ ዘይት እየሸጠች ገንዘቡን ለመሰብሰቢያ መረቡ ግንባታ አዋለችው። በ1990ዎቹ መጨረሻም በወተት ምርት የዓለም ቀዳሚ አገር ለመሆን በቃች።

የሾላ ፋብሪካም በ1980ዎቹ ውስጥ ከዓለም የምግብ ፕሮግራምና ከአውሮፓ የተገኘ ዱቄት ወተትና የቅቤ ዘይት እያዋሐደ ለከተማው ያቀርብ ነበር። ዕርዳታው አንድ ዓይነት ነው። በአንዱ አገር ዱቄቱ የገበሬውን መንደር ከገበያ ጋር አገናኘ፤ በሌላው አገር የጎደለውን የከተማ ወተት ሞላ። ሕንድ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ያቀረበችው ስለ ሰዓቱና ስለ መሰብሰቢያው ነበር፤ እኛ የጀመርነው ከላሚቱ ነበር። ውጤቱ የተለያየው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

የ1977 ዓ.ም. ዱቄት

በራያ ቆላ ታሪክ ውስጥ ወተት የሚለው ቃል አንድ መራራ ትዝታ አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ ቆላውን በብርቱ ጎዳ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲደገም ከብቱ ከሰው በፊት አለቀ። መኖ የለም፤ ውሃ የለም፤ የተረፈውም በሬ በከንቱ ዋጋ ተሸጠ። ላም ያለቀበት ቤት ልጁን የሚያጠባው ወተት ብቻ አይደለም ያጣው፤ ነገ የሚያርስበትን በሬና ለጨው፣ ለልብስ፣ ለመድኃኒት ይሸጥ የነበረውን ቅቤ ጭምር ነው።

በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም በነበሩት የዕርዳታ ጣቢያዎች ለሕፃናት ይታደል የነበረው ቅባቱ የወጣለት ዱቄት ወተት ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1984 የአውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ አባል አገሮች የወተት ምርታቸው ከፍላጎታቸው በላይ ስለ በዛባቸው ገበሬዎቻቸው ከተወሰነው መጠን በላይ እንዳያመርቱ ኮታ ጣሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንዱ የዓለም ክፍል ወተት በዛ ተብሎ ገደብ ሲጣልበት በሌላው ክፍል ሕፃናት ወተት በማጣት አለቁ። ዱቄቱ ሕይወት አትርፎአል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ዱቄት ላም አይተካም።

ከዕርዳታው እህል ጋር ሌላም እንግዳ እንደ መጣ ይታመናል። ሰዎች ቅንጨ አረም የሚሉት፣ በዕፀዋት ሳይንስ ፓርቴኒየም የሚባለው አረም ከ1980ዎቹ ወዲህ በቆላው በመንገድ ዳርና በግጦሽ ላይ ተስፋፍቶ ይታያል። በመጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች መካከል የእህል ማደያ ጣቢያዎች አካባቢ ይገኝበታል። አረሙ ሣሩን ያፈናቅላል፤ ከብት በግድ ሲበላውም ወተቱ ይመራል። የመረረ ወተት የሚያወጣው ቅቤም ገበያ አይወጣለትም። አንድ ረኃብ በወተት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዝናም በመጣ ጊዜ እንደማያበቃ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ውሃው፣ አገዳውና መብራቱ

ከዚያ ወዲህ በቆላው ብዙ ነገር ተለውጦአል። ጀርመን ኮንሰልት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 የቆቦና የአላማጣ ሜዳ የግብርና ልማት ጥናት ባካሄደበት ጊዜ በሜዳው ሥር ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ መኖሩ ተመልክቶ ነበር። ውሃው በሰፊው ጥቅም ላይ መዋል የጀመረው ግን ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ነው። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ የጠብታና የርጭት መስኖዎች ተዘረጉ። በመስኖው ማሳ ላይ በብዛት የሚታየው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። የከብት መኖ የመስኖው እንግዳ ሆኖ ቆይቶአል።

የመኖው ነገር ከማሽላው ጋር የተያያዘ ነው። የቆቦ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራቸው ደጋሊትና ጅጉርቴ የሚባሉት ማሽላዎች ቁመታቸው ረጅም ነው፤ የሚደርሱበትም ጊዜ ይዘገያል። ከአቀንጭራ አረምና ከድርቅ ለማምለጥ ሲባል ፈጥነው የሚደርሱ አጫጭር ዝርያዎች በምርምር ወጡ። ከእነዚህም መካከል አንዱ በዚሁ ወረዳ በምትገኘው በጎብዬ ስም ተሰይሞአል፤ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎችን ያስገኘው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብሎአል። ምርምሩ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ብዙ ገበሬዎች አሮጌውን ረጅም ማሽላ ፈጽመው ለመተው ሲያመነቱ የሚታዩት በግትርነት አይደለም። ረጅሙ አገዳ የከብቱ የበጋ ቀለብ፣ የቤቱ ክዳንና የምድጃው ማገዶ ነው። ገበሬው በአንድ ማሳ ላይ የእህሉንም የወተቱንም ሒሳብ ያሰላል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንለካለት እህሉን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ እየተሻሻለ ሳለ ጦርነቱ መጣ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቆቦና አካባቢዋ የጦር ሜዳ ሆኑ፤ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከብት ታረደ፣ ተነዳ፤ መሠረተ ልማቱ ተጎዳ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና አገረሸ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ሌላ ግጭት ምክንያት ሥራው ወደ ቀድሞው መልኩ በቀላሉ አልተመለሰም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት በሚል ስም በአገር አቀፍ ደረጃ የወተት፣ የዶሮና የማር ልማት ሲታወጅ፣ የቆላው ገበሬ ገና ያጣውን በሬ በመቁጠር ላይ ነበር።

ለመሐንዲሱ የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የሾላን ሥራ በትንሹ ቀድቶ በቆቦ ማቆም ቢታሰብ ስሌቱን አስቀድሞ መሥራት ይገባል። 500 ሊትር የሚይዝ ማቀዝቀዣ ታንክ ለመሙላት አንድ አንድ ሊትር የሚያመጡ 500 ቤተሰቦች በሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ መገኘት አለባቸው። ኃይሉ ራሱ ውድ አይደለም። 100 ሊትር ወተትን ከ35 ወደ 4 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ መወገድ ያለበት ሙቀት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በተለመደው ማቀዝቀዣ ይህ ከ1.5 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ከባዱ ነገር ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ በየማለዳው ሳይቋረጥ መገኘቱ ነው። መብራት ለሦስት ሰዓት ሲጠፋ የ500 ቤተሰቦች ወተት ይበላሻልና። ክርስቲያኑ በዓመት ከ180 ቀናት በማያንስ ጊዜ እንደሚጾምም መታሰብ አለበት። በዚህ ረገድ ቆላው አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ስለሚውሉ የወተት ፍላጎቱ በጾም ጊዜ እንደ ሌላው ቦታ ፈጽሞ አይወድቅም።

በእኔ አስተያየት በቆቦና በራያ ቆላ መጀመር ያለበት ሕዝቡ ከሚያውቀው ከቅቤው ነው። የተሻሻለው መናጫ በየመንደሩ አናጢ ይሠራ። ከመስኖው ቦይና ከጉድጓዶቹ ዳር ዝሆኔ ሣርና አልፋልፋ ይተከል፤ የማሽላው አገዳም ተከትፎ ይቀመጥ። የቅቤ ገበያው ደግሞ ሚዛንና መመርመሪያ ይኑረው። ዛሬ በከተሞች የቅቤ ንግድ በሚረጋ ዘይትና በመሳሰሉት ባዕድ ነገሮች ስለሚበረዝ ንጹሕ ቅቤ የምታመጣዋ ገበሬ የድካሟን ዋጋ አታገኝም። የቅቤን ንጽሕና የሚለይ ቀላል መመርመሪያና በቅባቱ መጠን የሚከፍል የመንደር ማኅበር ቢኖር፣ አናንድ የጀመረበትን ሥራ እኛም በቅቤ ልንጀምረው እንችላለን። ወተቱ በአንድ ቦታ በብዛት መሰብሰቡ ሲረጋገጥ ማቀዝቀዣው፣ ከዚያም ፋብሪካው በተራው ይመጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአብዛኛው የአገራችን ገጠር የቅቤ ገንዘብ የሴቷ ገንዘብ ነው። ለልጇ ደብተር፣ ለቤቷ ጨውና በርበሬ የምትገዛው በዚያ ነው። ወተት በማኅበር በየወሩ ሲከፈል ግን ገንዘቡ ወደ ባልየው እጅ እንደሚሻገር በሌሎች አካባቢዎች ታይቶአል። ቅሉን በታንክ ስንተካ የሴቷን ኪስ አብረን እንዳናስወግድ በማኅበሩ መዝገብ ላይ የእርሷ ስም መስፈር አለበት።

መደምደሚያ

የወተት ኢንዱስትሪያችን ታሪክ ሲጻፍ የሚዘረዘሩት የገቡት ላሞች፣ የቆሙት ፋብሪካዎችና የማምረት ዐቅማቸው ናቸው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቆቦ አትገኝም። ነገር ግን ዛሬም ከአገሪቱ ወተት ብዙው የሚያልፈው በቆቦ ዓይነት መንገድ ነው፤ ከሠንጋ ላም ጡት ወደ ታጠነ ቅል፣ ከቅሉ ወደ ሳምንቱ ገበያ። ይህን መንገድ ሳያጠኑ የአገሪቱን የወተት ኢንዱስትሪ አውቃለሁ ማለት የአንድን ሕንፃ ጣሪያ እያዩ መሠረቱን እንደ መርሳት ነው።

እኛ የምህንድስና ሰዎች በዚህ መስክ ብዙ አልሠራንም። ድልድይና ግድብ ሠርተናል፤ ጉድጓድ ቆፍረናል፤ መስመር ዘርግተናል። በራያ ሜዳ ላይ ውሃውም፣ መንገዱም፣ መስመሩም ሲጠገን ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ሴትዮዋ ጎህ ሲቀድ በምትንጠው ቅል ላይ ያን ሁሉ እንዴት እናውለዋለን የሚል ይሆናል። መልሱን የእንስሳት ሐኪሙና የግብርና ባለሙያው ብቻቸውን እንዲሰጡት መተው አይገባንም፤ ሙቀትን፣ ጊዜንና ርቀትን ማስላት ሙያችን ነውና።